ቆሞ የሚጮህ ሞተር

ባሌን ያለቀስኩት የሞተር ድምፅ ውስጥ ተደብቄ ነው። ሌላው ሰው ድንኳን ይጣልለታል፣ ጎረቤት ዙሪያውን ከቦ ያስለቅሰዋል። እኔ ግን መግሪብ ሲቃረብ የሟቹን ሞተር ሳይክል ግቢ ውስጥ አስነስቼ፣ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ ድምፁ ከፍ ሲል አብሬው እጮህ ነበር። ሞተሩን ሳጠፋ እኔም ዝም እላለሁ። ከዚያ ፊቴን በሻርፔ ጠርጌ አማቴ ወደተኙበት ክፍል እገባና፣ ልጅዎ በሰላም ገብቷል፣ ሰላም ብሎዎታል እላቸዋለሁ። ልጃቸው ግን ማጀቴ ከተማ፣ አፈር ውስጥ ነው።

ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው ይቆጣኛል። ሞት እንዴት ይደበቃል፣ ያውም ከእናት፣ ይላል። ይበል። ያን ጊዜ ቤታችን ገብቶ አማቴን ያየ ሰው ግን አይፈርድብኝም።

አማቴ ካቻምና አንድ ጎናቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶት የሰው ጥላ እንጂ ፊት አይለዩም። ጥርሳቸው አልቋል። ልባቸውም ደካማ ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚያያቸው ሰው፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ድንጋጤን ብቻ ከልክሉልኝ ብሎናል። ጆሯቸው ግን አቤት ጆሮ! በሩ ሲከፈት ማን እንደከፈተው ያውቃሉ። ሽሮው ሊገነፍል ሲል ከእኔ ቀድመው ከአልጋቸው ላይ ይጮሁብኛል። ባሌ ደግሞ አንድ ልጃቸው ነው። ከእሱ በፊት የወለዷቸውን ሁሉ ቀብረዋል፤ ለእኛም አላህ ገና ልጅ አልሰጠንም ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን።

ባሌ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሞተር ሰው ያመላልስ ነበር። ባጃጅ የማይደፍረውን የገጠር መንገድ ሁሉ እሱ ይደፍረዋል። ማሾውን የሸጠ ገበሬ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሽማግሌ፣ ወሬ እያወራ ነው የሚያደርሳቸው። ወሬኛ ነበር፣ አላህ ይዘንለት። ከቤት ሲወጣ ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ድረስ በእናቱ በር ላይ ቆሞ ያወራል። ከዚያ «እማ፣ ወጣሁ» ይላል። እሳቸውም ከውስጥ «አላህ ይመልስህ» ይሉታል። ይህን ሳይባባሉ የወጣበትን ቀን አላስታውስም።

አርብ አርብ ከጁምዓ በፊት ሞተሩን የሚያጸዳውም እዚያው በረንዳ ላይ፣ እሳቸው በር ስር ነው። አማቴን ደግፎ አውጥቶ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል። ካንዴላዋን፣ ለሞተሩ እሳት የምትሰጠዋን ብረት፣ ፈትቶ አሸዋ እንዳይነካት ብሎ እሳቸው መዳፍ ላይ ያኖራታል። «እማ፣ ያዢልኝ፣ እንዳትጥያት» ይላቸዋል። እሳቸውም ያቺን ጥቁር ብረት እንደ ጫጩት በደህናው እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ይቀመጣሉ። እሱ ደግሞ እየሠራ ያስረዳቸዋል፣ ሊነዱ ይመስል። ካንዴላዋ የወጣችበት ይሄ ቀዳዳ፣ አየሽው፣ እዚህ ውስጥ አንዲት ጠጠር ከገባች በቃ፣ ሞተሩ አለቀለት ይላቸዋል። እጃቸውን ወስዶ በጣታቸው ያስነካቸዋል። እኔ ከማድ ቤት ሆኜ፣ ኧረ ሴትዮዋን መካኒክ ልታደርጋቸው ነው እያልኩ እስቃለሁ።

ማታ ሲገባም መጀመሪያ የሚገባው እሳቸው ዘንድ ነው። ተምር ይዞላቸው ይመጣል፤ አማቴ ከምግብ ሁሉ የሚወዱት ተምር ነው። በሩን መለስ አድርጎ እናትና ልጅ ሲያወሩ እኔ ራት አሞቃለሁ። ልብሱን ሳጥብ ሱሪው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የተምር ፍሬ አገኝ ነበር፣ ውስጡ ያለውን ያን ደረቅ ፍሬ፣ እፍኝ ሙሉ። አንተ ሆዳም፣ ከበሽተኛ እናትህ ጋር እየተሻማህ ትበላለህ፣ ለእኔ አንድ እንኳ አታመጣም እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይመልስልኝም። እኔም ፍሬውን ከእጣቢው ጋር ደፍቼ እረሳዋለሁ።

የሞተ ዕለት ጠዋት ራሴን አሞኛል ብሎ ነበር። ዛሬ ቅር አልኩት፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ግድግዳውን ያቃጥል ነበር። ማጀቴ የሚያደርሰው የሽንኩርት ነጋዴ እየጠበቀው ነው፤ ቃሌን አላጥፍም አለ። ሻሽ ራሱ ላይ አስሬለት፣ ውሃ አስይዤው ወጣ። በሩ ላይ እንደልማዱ ወጣሁ አለ፣ እናቱም አላህ ይመልስህ አሉት። ማጀቴ ደርሶ ሰውየውን ካወረደ በኋላ ውሃ ስጡኝ ብሎ ጥላ ስር ተቀመጠ። ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ስልኩን ያነሳው የአማቴ ወንድም፣ የባሌ አጎት ነው፤ ግቢያችን በአጥር ይዋሰናል። በአጥሩ በኩል ጠቅሶ ጠራኝና ነገረኝ። አፌን ስከፍት በመዳፉ ከደነው። እስከዛሬ የእጁ የሽንኩርት ሽታ ትዝ ይለኛል። ወደ እህቱ ክፍል በዐይኑ እያሳየኝ፣ ጆሮዬ ላይ ቀስ ብሎ «እህቴን ከልጇ ጋር አልቀብርም» አለኝ። እስክትጠነክር መርዶው ይቆይ፣ አንቺም ቻይው አለ። ቻይው! ይህን ቃል የፈጠረው ሰው ባሏ የሞተባት ሴት አልነበረም መቼም።

ካራቆሬ ያለችው አክስቴ ታማለች ብዬ ለአማቴ ዋሸሁ፤ የመጀመሪያው ውሸት ይኼ ነው። ጎረቤታችንን እሳቸው ዘንድ አስቀምጬ ከአጎቱ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ማጀቴ ስንደርስ ሰዎች ከመቃብር ሲመለሱ ማየቴን ነው። ሙቀቱ በረታ፣ ጀናዛ አይዘገይም ብለው አሰግደው ቀብረውታል። ልክ ናቸው፣ ዲኑም የሚለው ይህንኑ ነው። ፊቱን ግን አላየሁትም። የአባቱ ዘመዶች ቤት ትንሽ አለቀስኩና አደርን፤ በማግስቱ ወደ ቤቴ ስመለስ እንባዬን በር ላይ ጥዬ መግባት ነበረብኝ።

ያን ቀን ምሽት ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። የባሌ ጓደኛ መካኒክ ነው፣ ጋራዡ ከአስፓልቱ ዳር ነው። ቀብሩ ላይ ነበርና ሞተሩን ማጀቴ አልተውም ብሎ እየነዳ አመጣው። ማን ይገምታል? እየነዳው ግቢ ሲገባ አማቴ ከውስጥ «መጣህ ልጄ?» አሉ።

ሦስታችንም ደርቀን ቀረን። መካኒኩ መሪውን እንደያዘ አየኝ። አጎቱ ከአጥሩ ወዲያ እጁን እያወዛወዘ አዎ በይ አለኝ። እኔም፣ አዎ እማ፣ ገብቷል አልኩ። ልጃቸው ከሄደ ጀምሮ እህል እምቢ ብለው የነበሩት ሴትዮ ያን ማታ ገንፎ ጠየቁ። በልተው ተኙ። አጎቱ በማግስቱ ሞተሩን እንደ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በየቀኑ ማታ አስነሺላት፣ ድምፁን ስትሰማ ትበላለች አለኝ።

እኔም አስነሳሁ። ባሌ ማስነሳት አስተምሮኝ ነበር፣ መንዳት ግን አልችልም። በእግሬ ማስነሻውን እመታለሁ፣ ይነሳል፣ ቆሞ ይጮሃል፣ አጠፋዋለሁ። ከዚያ ውሸቱን እቀጥላለሁ። ምነው ወደ እኔ አይገባም ሲሉኝ፣ ሳል ይዞታል፣ እንዳያጋባብዎት ፈርቶ ነው እላለሁ። ድምፁስ ሲሉኝ፣ ሳሉ ድምፁን ዘግቶታል እላለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ከእኔ ጋር ይዋሽ ነበር። የሚጠይቋቸው ሴቶች ከአማቴ ጋር ስለ ማንጎና ስለ ሙቀት ያወሩና ሲወጡ በር ላይ እጄን ጨብጠው ይንሰቀሰቃሉ። እኔ ነኝ ደግሞ እነሱን ዝም የማሰኝ፣ ጉድ እኮ ነው!

ማልቀስ የምችለው አጎቱ ቤት ነው ተባለ፤ ለቅሶ ደራሹም ለተዕዚያ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ግን አጥር ነው እንጂ ግድግዳ የለንም፣ የአማቴ ጆሮ ደግሞ ይታወቃል። ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እንባዬን አፈስሳለሁ፤ ድምፅ የሌለው እንባ ግን አይወጣልኝም ነበር፣ ከውስጥ አንጀቴን ያቃጥለኛል። ዒዳዬን፣ የመበለትነት ወራቴን፣ እንኳ በወጉ አልተቀመጥኩም። ባል የሞተባት ሴት ቤቷ ተቀምጣ ያዘነች ሴት ናት፤ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ባሌን የምጠብቅ ሴት መሆን ነበረብኝ። አማቴ ገበያ ለምን ቀረሽ ሲሉኝ እግሬን አሞኝ ነው እላለሁ።

አንድ ምሽት ሞተሩን አስነስቼ ነዳጁን ሳላስበው አብዝቼ ሰጠሁት። ግቢው ተናወጠ። የራሴን ትንፋሽ እንኳ መስማት አልቻልኩም። ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። ጮህኩ። በስሙ ጠራሁት፤ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ አልኩት። ራስህን እያመመህ ለምን ወጣህ፣ ሽንኩርቱ ይበስብስ አልነበር አልኩት። መሪውን ይዤ ጎንበስ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሻክር ጮህኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ሰዓት እጠብቀው ጀመር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይዋን እያየሁ መግሪብ አልደርስ ይለኛል።

አማቴ ተምራቸውን የጠየቁኝ ግን እንዲህ መጮህ ሳልጀምር በፊት ነው። ልጄ ተምር ማምጣት ተወ እንዴ አሉ። ረስቼው ነበር። ባሌ የሚገዛበትን ሱቅ አውቃለሁ፤ ጎረቤት ልኬ ከዚያው አስገዛሁ። አጥቤ በሰሃን አድርጌ፣ ይኸው ላከልዎ አልኳቸው። አንዱን አንስተው አፋቸው ውስጥ አደረጉና ቀስ ብለው አላመጡ። ከዚያ ማላመጣቸውን አቆሙ። በጣታቸው ፍሬውን ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ።

ይስጡኝ ልጣለው ስላቸው አይ፣ ተይው አሉ። ለዚክር መቁጠሪያ ይሆነኛል አሉ። እውነትም ከዚያ ወዲህ የበሉትን ተምር ሁሉ ፍሬውን አጥበው ትራሳቸው ስር በጨርቅ ያኖሩት ጀመር። ከዚያን ቀን በኋላ ደግሞ ልጄ ለምን አይገባም ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ማታ ገብቷል ስላቸው፣ አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። እኔ ጅሏ ውሸቱ ተቀመጠልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ሰውነታቸውም ትንሽ ጠንከር አለ። በከዘራ ግድግዳውን እየዳበሱ ብቻቸውን ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሱ ጀመር። አጎቱ ይህን አይቶ፣ ትንሽ ቀን ታገሺ፣ መርዶውን እንነግራታለን ይለኛል። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ እሱ ራሱ ይፈራና ሌላ ቀን ይለኛል። እኔም ልንገራቸው እላለሁ፣ ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ያበጠ የደም ሥር አየውና ሰሃኑን አንስቼ እወጣለሁ። ብናገርና ልባቸው ቢቆምስ? እኔ ገደልኳቸው ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ እኔ እያለቅኩ ነው፤ ቀሚሴ ከላዬ ይወርድ ነበር።

ሞተሩም እያስቸገረ መጣ። አንዳንድ ቀን ብመታው ብመታው አይነሳም። መካኒኩ መጥቶ ካንዴላዋን ፈትቶ አሳየኝ፤ ጥላሸት ውጧታል። ሞተር መንገድ ካልሄደ እንዲህ ነው አለኝ። ቆሞ እየጮኸ የሚጠፋ ሞተር ነዳጁን በቅጡ ሳያቃጥል እየቀረ ካንዴላው ይጠቁራል አለ። ወስጄ መንገድ ላይ ልንዳልሽ ወይ ሲለኝ እንዳትነካው አልኩት። እንግዲያው ካንዴላዋን አጽጂያት ብሎ በብርጭቆ ወረቀት እንዴት እንደምትታሽ፣ በቤንዚን እንዴት እንደምትታጠብ አስተማረኝ። ካንዴላዋ ስትወጣ ቀዳዳውን በጨርቅ ክደኚው፣ አንዲት ጠጠር ከገባች ሞተሩ አለቀለት ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ባሌ ለእናቱ የሚነግረውን ቃል በቃል ሲደግመው እንባዬ መጣብኝና ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ እየፈታሁ አጸዳት ነበር። የዚያን ቀንም በረንዳው ላይ፣ አማቴ በር ስር፣ ካንዴላዋን ፈትቼ ቀዳዳውን በጨርቅ ከደንኩ። ቤንዚን ውስጥ ነክሬያት ሳለሁ አጎቱ በአጥሩ በኩል ጠራኝ፤ ከአልዩ አምባ የመጡ ለቅሶ ደራሾች ቤቱ ተቀምጠዋል፣ ቅር እንዳይላቸው ፊትሽን አሳዪያቸው አለኝ። ሄድኩ። ሻርፔን አፌ ላይ አድርጌ ትንሽ ተቀምጬ ተመለስኩ። ጨርቁ እንዳለ ቀዳዳው ላይ ነበር። ካንዴላዋን ጠርጌ መልሼ አጠበቅኳት።

መግሪብ ሲደርስ ማስነሻውን መታሁ። ግማሽ ድረስ ሄደና ቀጭ ብሎ ቆመ። ደግሜ መታሁ፤ እግሬን መልሶ አነጠረኝ። ብረት የተጋጨ ድምፅ አይደለም፣ የደነዘ ነገር ነው፤ የሆነ ነገር መሀሉ ገብቶ አላልፍም ብሏል። ላብ አጠመቀኝ። በሙሉ ክብደቴ ቆሜበት እንኳ ንቅንቅ አላለም። ጎኔ በሩ ላይ ነው፣ አማቴ ከበሩ ወዲያ ናቸው፣ ያለወትሮው ድምፅ የለም። አሁን ይጠሩኛል፣ አሁን ልጄ ምነው አልገባም ይላሉ እያልኩ ቆሜ ጠበቅኩ።

አልጠሩኝም። ራታቸውን ይዤ ስገባ ሶላታቸውን ጨርሰው ተቀምጠዋል። ልጅዎ ሞተሩ ተበላሽቶበት ጋራዥ ሊያድር ነው ብዬ ዋሸሁ። እሺ አሉ። ያን ማታ ለእሳቸው ልፍራ ወይስ ለራሴ ልዘን አላወቅኩም። ለባሌ የምጮህበት ሰዓት አመለጠኝ፤ ሌላ ጩኸት የማሰማበት ቦታ ደግሞ በዚህ ምድር ላይ የለኝም።

ጠዋት መካኒኩ ዕቃውን ይዞ መጣ። ካንዴላዋን ፈታና በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየ። ገብቷል አለኝ፤ አንድ ነገር ገብቷል። ቡሎን ወይ የብረት ስባሪ መስሎት ማግኔት በሽቦ አስሮ ሰደደ። ማግኔቱ ባዶውን ወጣ። ብረት አይደለማ አለና ራሱን አከከ። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ ግሪስ ቀብቶ ሰደደው፣ ምናልባት ተጣብቆ ይወጣል ብሎ። የወጣው ትንሽ ቡናማ ስባሪ ነው፤ በጥርሱ ነክሶ አየውና እንጨት ይመስላል አለኝ። በረንዳችን ላይ እንጨት ከየት ይመጣል?

በዚህ ሁኔታ ማስነሳት ፒስተኑን መግደል ነው፣ ቴስታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ መክፈት አለብኝ አለ። ታንከሩን አወረደ፣ ጭስ ማውጫውን ፈታ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አላልቶ ቴስታውን አነሳው። እኔ የባሌን ሆድ የሚከፍቱ ይመስል አጠገቡ ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ አጥፌያለሁ። ፒስተኑ አናት ላይ፣ ጥቁሩ ጥላሸት መሀል፣ ሁለት ነገር ተጋድሟል። አንዱ ደቅቋል፣ አንዱ ደህና ነው። መካኒኩ ደህናውን አንስቶ በሱሪው ጠረገውና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«የተምር ፍሬ ነው። እዚህ ቤት ተምር የሚበላው ማነው?» አለኝ።

ቀና ብዬ በሩን አየሁ። የአማቴ በር ከሞተሩ አንድ ክንድ አይርቅም። መጋረጃው ስር ከዘራቸው ተደግፎ ይታያል። መካኒኩም በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠው። እኔ ፍሬውን ይዤ ገባሁ።

አማቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፊታቸው ወደ በሩ ነው። እየጠበቁኝ ነበር። ምን እንደምል አላውቅም፤ ውሸት ለምጄ እውነቱ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኛል። ፍሬውን እጃቸው ውስጥ አደረግኩት። በጣታቸው አገላብጠው ዳሰሱት።

«ልጄ ፍሬ ያለው ተምር አብልቶኝ አያውቅም» አሉ። ጥርስ የለሽም፣ ያንቅሻል እያለ አንድ በአንድ በእጁ ሰንጥቆ፣ ፍሬውን አውጥቶ ኪሱ ከትቶ ነበር የሚያጎርሰኝ አሉ። የመጀመሪያውን ተምር ሲያላምጡ ፍሬው ድዳቸውን ወጋቸው። ያኔ ነው ልጃቸው መሞቱን ያወቁት። መርዶውን እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ በሰሃን አድርጌ፣ ይኸው ላከልዎ ብዬ።

ኪሱ ውስጥ አገኝ የነበረው ፍሬ ሁሉ ትዝ አለኝ። ሆዳም እያልኩ የደፋሁት እፍኝ እፍኝ ፍሬ። አንድም ቀን ከእጣቢው ውስጥ ለቅሜ አላስቀረሁለትም። እግራቸው ስር ቁጭ አልኩ።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ እማ አልኳቸው። መጀመሪያ፣ ተይ ይህቺ ልጅ ውሸቱን ይዛ ነው የቆመች፣ ከነጠቅኳት ትወድቃለች ብዬ ነው አሉ። በኋላ ደግሞ ለቅሶዬን ሰሙት። ያ ሁሉ የሞተር ጩኸት፣ ግቢውን የሚያናውጠው፣ ለእሳቸው ጆሮ ምንም አልነበረም። በስሙ ስጠራው፣ ስወቅሰው፣ ስለ ሽንኩርቱ ስሳደብ፣ ሁሉንም ማታ ማታ እዚያ አልጋ ላይ ሆነው ሰምተውታል። ይውጣላት ብለው ተዉኝ። ግን እየከሳሽ መጣሽ አሉ፤ ክንድሽን ስይዘው አጥንት ብቻ ሆነብኝ አሉ። ባሏን እንደ ሌባ ተደብቃ የምታለቅስ ሴት አይቼ አላውቅም፣ ይሄ ነገር ይብቃ አልኩ አሉ። ቀዳዳው የት እንዳለ ልጃቸው በጣታቸው አስነክቶ አሳይቷቸው ነበር። እኔ አጎቱ ቤት ሳለሁ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ጨርቁን አነሱት፣ ፍሬዎቹን ጨመሩ፣ ጨርቁን መለሱት።

እኔ እያለቀስኩ ይቅር ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ እላለሁ። እሳቸው ራሴን በደህናው እጃቸው ይዘው ወደ ጉልበታቸው ሳቡኝ። ቀና ስል ፊታቸውን አየሁት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ደረቅ የነበረው ፊታቸው ረጥቧል።

«አንቺስ ሞተር ነበረሽ» አሉኝ። «እኔ ምን ነበረኝ?»

ከዚያ በኋላ የወጣውን ድምፅ የእኔ ይሁን የእሳቸው አላውቅም። አጎቱ በአጥሩ ዘሎ ባዶ እግሩን ገባ፣ በር ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ለቅሶ ላይ ድምፅ አታሰሙ ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው፤ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረንም። ጎረቤቶቹም ጩኸቱን ሰምተው መምጣት ጀመሩ፤ መካኒኩ የፈታታውን ሞተር ገለል አድርጎ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፈላቸው።